ራውተር ከመግዛትዎ በፊት ግድግዳዎን ይዩ

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ራውተር መግዛትን ነው። ሱቅ ይገባና «ጠንካራ ዋይፋይ ያለው ስጠኝ» ይላል፤ ሻጩም ስድስት አንቴና የቆመለትን ያወጣለታል። ቤት ወስዶ ሲሰካው ሳሎን ውስጥ ድሮም ይሠራ የነበረው አሁንም ይሠራል፤ መኝታ ቤት ግን ያው እንደነበረው ይቆራረጣል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ችግሩ ቁጭ ብሏል። ራውተር የሚመረጠው በሦስት ነገር ነው፦ ቤትዎ በሚገባው መስመር፣ በግድግዳዎና በመብራቱ ሁኔታ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ይለኩ

ችግሩ የት እንዳለ ሳያውቁ ብር አያውጡ። ላፕቶፕ ካለዎት (ወይም ለአንድ ሰዓት ከተዋሱ) አሁን ካለው ሞደም ጀርባ በላን ኬብል ያገናኙትና ፍጥነቱን ይለኩ፤ ስፒድቴስት ወይም ፋስት ዶት ኮም ይበቃል። በዚያ ሰዓት ሌላው የቤቱ ሰው ቪዲዮ እንዳያይ ያድርጉ። የተመዘገቡበት ጥቅል 10 ሜጋ ሆኖ በኬብል 9 ወይም 10 ካገኙ መስመሩ ጤነኛ ነው። በኬብልም 2 ብቻ ከመጣ ግን ጉዳዩ መስመሩ ጋ ወይም ሞደሙ ጋ ነው፤ ከኋላው የሚቀጥሉት ራውተር አይፈታውም። ለአገልግሎት ሰጪዎ ያመልክቱ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ላይ ይደውሉ፤ ልኬቱንም ፎቶ አንስተው ይያዙ።

እዚህ ላይ ሜጋ ሲባል ሜጋ ቢት መሆኑን ልብ ይበሉ። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ በ10 ሜጋ መስመር ፋይል ሲያወርዱ በሰከንድ 1.2 ሜጋ ባይት አካባቢ ካዩ የሚገባዎትን እያገኙ ነው።

መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ስልክዎን ይዘው ክፍል ለክፍል ይዙሩ። አንድሮይድ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር ከሚባሉት አፖች አንዱን ቢጭኑ የሲግናሉን ጉልበት በዲቢኤም ያሳይዎታል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ከራውተሩ አጠገብ ከዜሮ በታች 40 አካባቢ ያያሉ። እስከ 67 ድረስ የቪዲዮ ጥሪ ያለ ችግር ይሄዳል። 75ን ሲያልፍ መቆራረጥ ይጀምራል፤ 85 ላይ ስልኩ የተገናኘ ይመስላል እንጂ ገጽ አይከፍትም። የየክፍሉን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ሱቅ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ። ከማንኛውም የሻጭ ምክር የሚበልጥ መረጃ ነው።

ቦታውን ሳይቀይሩ ራውተሩን አይቀይሩ

በአብዛኛው ቤት ራውተሩ የሚቀመጠው ባለሙያው ገመዱን ባስገባበት ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳሎን ጥግ፣ ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ። ከዚህ የባሰ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ቴሌቪዥኑ ውስጡ ሰፊ ብረት ስላለበት ሲግናሉን ይመልሰዋል፤ የቡፌው መስታወትም እንዲሁ። ጥግ ላይ በመሆኑም የሲግናሉ ትልቁ ድርሻ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ውጭ ይፈስሳል።

ግድግዳ ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ የብሎኬት ግድግዳ ሲግናሉን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ሁለተኛው ላይ በደንብ ይዳከማል። ብረት የታሰረበት የኮንክሪት ምሰሶና በፎቆች መካከል ያለው ሶሌታ ከብሎኬት በብዙ ይብሳሉ፤ ጂ ፕላስ አንድ ቤት ውስጥ ላይኛው ፎቅ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ጨርሶ ይመልሳል። ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት በቆርቆሮ የተከደነና የተከለለ ከሆነ፣ ከዋናው ቤት አሥር ሜትር ቢርቅም ሲግናል አይገባበትም። ውሃ የዋይፋይን ሞገድ ስለሚውጥ የሞላ ሮቶ በመንገዱ ላይ ካለ እሱም ይቆጠር።

ስለዚህ ራውተሩን ወደ ቤቱ መሃል ያምጡት። ኮሪደር ካለ ኮሪደር ላይ፣ ከደረት ከፍ ባለ ቦታ፣ ፊቱ ሳይሸፈን። የሚጎድለው አምስት ወይም አሥር ሜትር ላን ኬብል ብቻ ሊሆን ይችላል። ፋይበር ከሆነ ግን ቀጭኑን የፋይበር ገመድ ራስዎ አይጎትቱት፤ ሲታጠፍ ውስጡ ያለው መስታወት ይሰበራል። ሳጥኑን በቦታው ይተዉትና ከእሱ ላን ኬብል ይሳቡ። ከዚያ እንደገና ይለኩ። ሁሉም ክፍል ከ67 የተሻለ ከሆነ አዲስ ራውተር አያስፈልግዎትም፤ ገንዘብዎን ይያዙ።

መስመርዎ ምን ዓይነት ነው?

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሁሉም ነገር «ራውተር» ስለሚባል፣ ቤት ሲደርሱ የማይሰካ ዕቃ ይገዛሉ።

ኢንተርኔትዎ በድሮው የመዳብ የስልክ ሽቦ ከመጣ ኤዲኤስኤል ወይም ቪዲኤስኤል ነው። ለዚህ ሞደም ያለው ራውተር ያስፈልጋል፤ ጀርባው ላይ የስልክ ገመድ የሚሰካበት ጠባብ ቀዳዳ ይፈልጉ። በቲፒ ሊንክ ዕቃዎች ላይ ስማቸው ውስጥ ቲዲ ወይም ቪአር ያለባቸው የዚህ ዓይነት ናቸው፤ አርቸር ሲ እና አርቸር ኤኤክስ የሚባሉት ሞደም የላቸውም። ያለዎት ሞደም የሚሠራ ከሆነ ግን አይጣሉት፤ አዲሱን ራውተር በላን ኬብል ከኋላው መቀጠል ይቻላል። የኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ጣሪያ 24 ሜጋ ነው፤ ያውም ቤትዎ ለማከፋፈያው ቅርብ ሲሆን። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ውድ ራውተር መግዛት ትርፍ የለውም።

ፋይበር ከሆነ አገልግሎት ሰጪው የሚተክለው ሳጥን ኦኤንቲ ይባላል። ሳጥኑ በመለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ ነው የሚሠራው፤ አውጥተው በሌላ ልተካው ቢሉ አይቀበልም። ስለዚህ ፋይበር የሚገባበት ራውተር አይግዙ፤ አዲሱ ራውተር ከሳጥኑ የላን ቀዳዳ ይቀጠላል። ለአብዛኛው ቤት ቀላሉ መንገድ አዲሱን ራውተር አክሰስ ፖይንት በሚባለው አሠራር ማስነሳትና የሳጥኑን ዋይፋይ ማጥፋት ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ አብረው ሲበሩ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ሳጥኑ ላይ ኤልኦኤስ የሚለው መብራት በቀይ ሲበራ ወይም ብልጭ ድርግም ሲል ደግሞ ብርሃኑ በፋይበሩ አልደረሰም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ራውተሩን መነካካት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ይደውሉ።

ሦስተኛው ሲም ካርድ የሚገባበት ነው። ተከራይ ለሆነና ቤት ለሚቀያይር ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ዕቃው አብሮ ይሄዳል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በብዙ ከተሞች ሁለት አማራጭ አለ፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም ሲም ስልክዎ ላይ እየቀያየሩ ቤትዎ ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ ማታ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይለኩ። ከፍተኛውን ቁጥር ካገኙበት መስኮት አጠገብ ራውተሩን ያኖሩታል፤ ለዚህ ዓይነቱ የቤቱ መሃል የሚለው ምክር አይሠራም። ካርቶኑ ላይ ካት 4 የሚል ካለ ቢበዛ 150 ሜጋ፣ ካት 6 ከሆነ 300 ሜጋ መቀበል ይችላል ማለት ነው። ለአንድ ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ እንዳይሆን የራስዎን ሲም ሱቁ ውስጥ አስገብተው ይሞክሩት።

ዘመድ ከውጭ ሲያመጣ

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ራውተር ላምጣልህ?» ሲል ደስ ይላል፤ ነገር ግን መልስ ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት። ጀርባው ላይ ጥርስ ያለው ክብ ቀዳዳ፣ ማለትም የዲሽ ገመድ የሚታሰርበትን የሚመስል አለው ወይ? ካለው የኬብል ቴሌቪዥን መስመር ሞደም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በብዛት ኢንተርኔት የሚገባው በዚያ ነው፤ እዚህ የሚሰካበት መስመር የለም። ሁለተኛ፣ ከኢንተርኔት ኩባንያው የተሰጠው ነው ወይስ ከሱቅ የገዛው? ኩባንያው የሰጠው ብዙውን ጊዜ ለዚያ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ነው፤ ሲም የሚገባበትም ከሆነ የአሜሪካ ኔትወርኮች የሚጠቀሙባቸው ሞገዶች ከእኛ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ አዳፕተሩ ላይ ምን ተጽፏል? በደቂቁ ጽሑፍ ውስጥ 100–240 ቮልት የሚል ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ቮልት ብቻ ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ከሱቅ የተገዛ፣ ሞደምም ሲምም የሌለው ተራ ራውተር ከሆነ ግን ያምጣ፤ ከፋይበር ሳጥንዎ ጀርባ ያለ ችግር ይሠራል። የገልፍ አገሮችና የአውሮፓ ዕቃ በቮልቴጅ በኩል አያሰጋም፤ የመቆለፉ ጉዳይ ግን እዚያም አለ።

ካርቶኑን ማንበብ

ኤሲ 1200 የሚል ራውተር 1200 ሜጋ አይሰጥዎትም። ቁጥሩ የሁለት ባንዶች የወረቀት ፍጥነት ድምር ነው፤ 300 በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 867 በ5 ጊጋኸርዝ። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ከአንዱ ጋር ብቻ ነው የሚገናኘው፤ በተግባርም የዚያን ግማሽ ቢያገኝ ጥሩ ነው። ቤትዎ የሚገባው 20 ሜጋ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ከዚያ በታች ነው።

ይልቅ ሁለት ባንድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳ በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው፤ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልክዎ ላይ የጎረቤቶችዎን ዋይፋይ ዝርዝር ቢያዩ ሃያና ሠላሳ ስም ሊያገኙ ይችላሉ፤ ሁሉም በእነዚህ ሦስት ቻናሎች ላይ ይጋፋሉ። ማታ ማታ ፍጥነቱ የሚወርደው በከፊል በዚህ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ ቻናሉ ግን ብዙ ነው። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ 5 ጊጋኸርዝ የሌለው ራውተር መግዛት ትክክል አይመስለኝም፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ። 2.4 ብቻ የሚያውቁ ርካሽ ስልኮች በቤትዎ ካሉ አይጨነቁ፤ ባለ ሁለት ባንዱ ሁለቱንም ያስተናግዳል።

ስለ ትውልዱ፦ ዋይፋይ 4 አርጅቷል፤ ዋይፋይ 5 ለትንሽ ቤተሰብ ዛሬም ይበቃል፤ ዋይፋይ 6 ብዙ ስልክና ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ተራውን በተሻለ ያከፋፍላል። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ 6ን ይውሰዱ። ዋይፋይ 7 ለቤትዎ መስመር ገና ትርፍ ነው።

የአንቴና ብዛት ርቀትን አይነግርዎትም። ራውተር የሚያወጣው ጉልበት በሕግ የተገደበ ነው፤ ከዚያም በላይ ግንኙነቱ በሁለት ወገን የሚሄድ ነው። ራውተሩ ቢጮኽ እንኳ ስልክዎ በትንሿ አንቴናው እያንሾካሾከ ነው የሚመልሰው፤ ያንን ሹክሹክታ ሦስት ግድግዳ አልፎ የሚሰማ ራውተር የለም።

ፖርቱንም ይመልከቱ። የላን ቀዳዳዎቹ 10/100 ከሆኑ በኬብሉ ከ100 ሜጋ በላይ አያልፍም። ለምሳሌ የቲፒ ሊንክ አርቸር ሲ 50 እና አርቸር ሲ 6 ሁለቱም ኤሲ 1200 ተብለው ይሸጣሉ፤ የመጀመሪያው 10/100 ነው፣ ሁለተኛው ጊጋ ቢት። ዛሬ መስመርዎ 10 ሜጋ ቢሆንም ራውተር ለዓመታት የሚቆይ ዕቃ ስለሆነ ጊጋ ቢቱን እመርጣለሁ።

ሰፊ ቤትና ሰርቪስ

ልኬቱ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ክፍል ከ75 ያለፈ ከሆነ አንድ ራውተር፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ አይደርስበትም። ሰዎች ቶሎ የሚሮጡት ሪፒተር ወደሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ሲግናሉን ተቀብሎ ያስተላልፋል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ባንድ ላይ ሲቀበልም ሲያስተላልፍም ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የሚቀመጠውም ሲግናል በሌለበት ክፍል አይደለም፤ ገና ጥሩ ሲግናል ባለበት፣ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ነው።

ኬብል መሳብ ከቻሉ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ካት 5ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋ ቢት ያደርሳል፤ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ወይም እስከ ላይኛው ፎቅ ከበቂ በላይ ነው። ጫፉ ላይ ያረጀ ራውተርዎን ይቀጥሉት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኙት፤ አድራሻውን ከዋናው እንዲለይ ይቀይሩት፤ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህን 192.168.1.2 ያድርጉት፤ ዲኤችሲፒ የሚለውን ያጥፉ፤ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉት። ከዚያ ከዋናው ራውተር የመጣውን ኬብል በላን ቀዳዳው ይሰኩ እንጂ ዋን በሚለው አይሰኩ። ኬብሉን ሲገዙ ንጹሕ መዳብ መሆኑን ይጠይቁ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነው ርካሹ ኬብል በረጅም ርቀት ይደክማል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። በግቢ ውስጥ ከሆነ ለውጭ የተሠራውን ይምረጡ፤ ተራው በፀሐይ ይሰነጠቃል።

ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደልዎት ሜሽ የሚባለውን ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ የሚሸጥ ስብስብ ያስቡ። ውድ ነው፤ ግን ከሪፒተር በብዙ ይሻላል።

መብራት ሲሄድ

በእኛ አገር ስለ ራውተር ጽፎ ስለ መብራት አለመጻፍ አይቻልም። ፋይበር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ መብራት ቢጠፋም መስመሩ በሕይወት አለ፤ የሚጠፋው ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። ለዚህ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ሳጥን አለ፤ አዳፕተሩና ራውተሩ መሃል ይገባል።

ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱንም ዕቃ አዳፕተር ያንብቡ፤ የራውተሩንም የፋይበር ሳጥኑንም። አንዱ 12 ቮልት ሌላው 9 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም የሚያወጣ ዩፒኤስ ይፈልጉ። 9 ቮልት በሚፈልገው ላይ 12 መሰካት ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። ሂሳቡም ቀላል ነው፦ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ዩፒኤስ በውስጡ 37 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 31 ገደማ ይቀራል። ራውተሩ 8 ዋት፣ ሳጥኑ 6 ዋት ቢበሉ ሁለት ሰዓት ያህል ያቆያል። ከዚያ በላይ የሚሉ ሻጮችን በዚህ ስሌት ይፈትኗቸው። ራውተሩን ብቻ ዩፒኤስ ላይ አድርገው ሳጥኑን መርሳት ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው፤ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት የለም።

ራውተርን የሚያበላሸው ግን በብዛት መብራት መሄዱ ሳይሆን መምጣቱ ነው። ሲመለስ የሚወረወረው ከፍተኛ ቮልቴጅ አዳፕተሩን ይመታል። የመብራት መናወጥን የሚከላከል ዲቫይደር ወይም ስታቢላይዘር ቢያደርጉለት ዕድሜው ይረዝማል።

ሱቅ ውስጥ

መርካቶም ይሂዱ ቦሌ፣ ካርቶኑ ተከፍቶ ዕቃው እንዲሰካ ይጠይቁ። ከዕቃው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆን አለበት። ኦሪጅናል ነው የሚለውን ቃል ብቻ አይመኑ፤ የአምራቹን ድረ ገጽ ስልክዎ ላይ ከፍተው የሞዴሉን ስም ይፈልጉ፤ ገጹ ላይ የቅርብ ጊዜ የፈርምዌር (የራውተሩ የውስጥ ፕሮግራም) ማሻሻያ ከሌለ አምራቹ ትቶታል ማለት ነውና አይግዙት። ያገለገለ ራውተር ከሆነ ይህን በእጥፍ ይጠንቀቁ። ደረሰኝና የዋስትና ጊዜ በጽሑፍ ይቀበሉ።

የመጀመሪያው ማታ

ራውተሩ እንደበራ ዋይፋዩ ሠራ ብለው አይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤን ፊልተር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ቢያንስ 500,000 በሚሆኑ የቤትና የትንንሽ ቢሮ ራውተሮችና መሰል ዕቃዎች ውስጥ ገብቶ መገኘቱ ይፋ ሆኗል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች መግቢያ የሚያገኙት ከነነባሪ ፓስወርዱ በተተወና ማሻሻያ ባልተጫነበት ራውተር በኩል ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድ ይቀይሩ፤ ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ቀይሮ ይተዋል። ፈርምዌሩን ያሻሽሉ። ጥበቃውን ደብሊው ፒ ኤ 3 ላይ፣ አሮጌ ስልኮች እምቢ ካሉ ደብሊው ፒ ኤ 2 ላይ ያድርጉት። ደብሊው ፒ ኤስ የሚለውን ያጥፉ፤ በፒን ቁጥሩ በኩል ሰብሮ መግባት እንደሚቻል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ለእንግዳ የተለየ ኔትወርክ ይክፈቱ፤ ሰው በመጣ ቁጥር ዋናውን ፓስወርድ አይስጡ። ጎረቤት የሚጠቀምም ከሆነ በዚሁ በእንግዳው በኩል ይሁን፤ ያን ጊዜ የቤትዎን ስልኮችና ኮምፒውተር ሳያይ ኢንተርኔቱን ብቻ ያገኛል።

ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ራውተሩን የገዙለት ወላጅዎ ወይም ዘመድዎ ቤት ከሆነም እርስዎ ራስዎ አስተካክለውለት ይውጡ፤ የመግቢያውን ፓስወርድም በወረቀት ጽፈው ለቤቱ ሰው ይተዉለት።